ከጎልደን ስቴት ኮንፈረንስ ኮሌጆቹ የወጡት በድክመት አይደለም

ስለ አሜሪካ የኮሌጆች ስፖርት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የክርስቲያን ኮሌጆቹ ከጎልደን ስቴት አትሌቲክ ኮንፈረንስ (ኮሌጆች እርስ በርስ ከሚወዳደሩባቸው ማኅበራት አንዱ) የወጡት ውድድሩ ስለወረደ ነው ይላል። በዚህ አልስማማም። በ1986 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ይህ ማኅበር በኤንኤአይኤ (በአብዛኛው ትናንሽ ኮሌጆችን የሚያወዳድር ብሔራዊ ድርጅት) ሥር ከጠንካሮቹ አንዱ ነበር። ከአባላቱ አንዱ የነበረው አዙሳ ፓሲፊክ ከ2005 እስከ 2012 የኤንኤአይኤን የዳይሬክተሮች ዋንጫ (በሁሉም ስፖርቶች ድምር ውጤት የሚሰጥ) 8 ጊዜ በተከታታይ ወስዷል፤ በቤጂንግ 2008 ኦሊምፒክ የዴካትሎን (የአሥር አትሌቲክስ ውድድሮች ድምር) ወርቅ ያጠለቀው ብራያን ክሌይም እዚያው ተምሮ የወጣ ነው። ሌላው አባል ኮንኮርዲያ ኧርቫይን ደግሞ በ2012 በወንዶች ቅርጫት ኳስ የኤንኤአይኤ ሻምፒዮን ሆኗል።

የወጡት ወደ ኤንሲኤኤ (ከኤንኤአይኤ የሚተልቀው የኮሌጅ ስፖርት ድርጅት) ሁለተኛ ዲቪዚዮን ለመሸጋገር ነው፤ መዳረሻቸውም በዚያ ዲቪዚዮን ያለው የፓሲፊክ ዌስት ኮንፈረንስ ነበር። መንገዱ ከባድ ነው። ኮሌጁ ቢያንስ 10 የስፖርት ዓይነቶች ሊኖሩት ይገባል። የሽግግሩ ጊዜ በመደበኛው 3 ዓመት ሲሆን፣ እስኪያልቅ ድረስ ቡድኑ ሁሉንም ቢያሸንፍ እንኳ በኤንሲኤኤ ብሔራዊ ሻምፒዮና አይገባም። ተጫዋቾቹን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ነው፤ ለዚህም በ1968 የተቋቋመው ብሔራዊ የክርስቲያን ኮሌጆች አትሌቲክ ማኅበር ውድድር ትልቅ መጠጊያ ሆኗል። የጉዞ ወጪም አለ፤ ፓሲፊክ ዌስት የሃዋይ ኮሌጆችን ስለሚያካትት አውቶቡስ ብቻውን አይበቃም።

አወጣጡን በቅደም ተከተል ብታዩት ደግሞ ነገሩ ይገለጣል። ካል ባፕቲስት በ2011፣ አዙሳ፣ ፖይንት ሎማና ፍሬስኖ ፓሲፊክ በ2012፣ ኮንኮርዲያ በ2015፣ ባዮላ በ2017፣ ዌስትሞንት በ2023 ሄዱ። አንዱ ጎረቤት ሲወጣ ለቀሪው በቅርብ የሚገጥመው ተፎካካሪ ይቀንሳል። ኮንፈረንሱ በ2024 ስሙን ወደ ግሬት ሳውዝዌስት የቀየረውም አባልነቱ ከካሊፎርኒያ ውጭ ወደ አሪዞና ከተስፋፋ በኋላ ነው።