ጅራት መቁላት ሁሌ መውደድ አይደለም

«አሮጌው ውሻ አዲሷን ድመት አይቶ ጅራቱን ከቆላ ወዷታል፤ ፈትታችሁ አገናኟቸው» የሚለውን ምክር ብዙዎቻችሁ በቅንነት እየተቀባበላችሁት ነው። ግን ትክክል አይደለም። ጅራት መቁላት የውሻው ስሜት መነሳሳቱን እንጂ መውደዱን አይናገርም። ለማሳደድ ያሰበ ውሻም ይቆላል።

ልዩነቱ በዓይን ይታያል። የተረጋጋ ውሻ ጅራቱን ሰፋ አድርጎ ሲቆላ ወገቡም አብሮ ይወዛወዛል፤ አፉም ገርበብ ይላል። የሚያሰጋው ግን ጅራቱን ወደ ላይ ገትሮ በአጭር በአጭሩ ያንቀጠቅጣል፤ አፉን ገጥሞ፣ ክብደቱን ወደፊት ጥሎ፣ ዓይኑን ከድመቷ አይነቅልም።

ለማረጋገጥ ውሻውን በገመድ ይዛችሁ ከድመቷ 3 ሜትር ያህል ራቁና ቁራጭ ሥጋ አፍንጫው ሥር አቅርቡለት። (ያረጀ ውሻ ጆሮው ሊደክም ስለሚችል በስሙ ጠርታችሁት ዝም ቢል አትፍረዱበት።) ዞር ብሎ ከበላ ጥሩ ምልክት ነው፤ ገመዱን ግን ገና አትፍቱት። ካልዞረ የበለጠ አርቁት። ድመቷን ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ዘግታችሁ አቆዩአት፤ የተኛችበትን ጨርቅ እያሸተተ ለጥቂት ቀናት ጠረኗን ይልመድ።

ስህተቱ ዋጋ የሚያስከፍለው በደቂቃ ውስጥ ነው። ድመቷ ስትሮጥ ውሻው ያባርራታል፤ አንዴ ካባረረ ደግሞ ይለምድበታል። ጎንደር ውስጥ ቆርቆሮው ከቆርቆሮ፣ አጥሩ ከአጥር በተጠጋጋበት ሰፈር፣ ቤቱን ገና ያልለመደች ድመት በጎረቤት ጣሪያ ካመለጠች መመለሷ ያጠራጥራል። ጥግ ካስያዛት ደግሞ የምትቧጭረው የሽማግሌውን ውሻ ዓይን ነው።