ማርም ስኳር ነው፣ ወገኖቼ!

ወገኖቼ፣ ይሄ «ማር እኮ የተፈጥሮ ነው፣ ምንም አይልም» የምንለው ነገር ይቁም። ስኳር ያለበት ሰው ቤታችሁ ሲመጣ ሻዩ ላይ ስኳሩን ትተዉና ሁለት ማንኪያ ማር ትጨምሩለታላችሁ፤ «ይቅርብኝ» ሲል ደግሞ «በሞቴ!» ይመጣል። ይሉኝታ ይይዘውና ይጠጣዋል። ቤቱ ገብቶ ጣቱን ወግቶ ሲለካ ማሽኑ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ግን እናንተ አታዩትም።

ከማር ውስጥ ከመቶው 80 ያህሉ ስኳር ነው፤ ግሉኮስና ፍሩክቶስ። የቀረው አብዛኛው ውሃ ነው። ቫይታሚን አለው ትላላችሁ፣ አዎ አለው፣ ግን በጣም ትንሽ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ይሆናል፤ በዚያው ማንኪያ ማር ስትቀዱ ግን ማር ከባድ ስለሆነ 7 ግራም ያህል ይወጣል፣ ከዚያ ውስጥ ስኳሩ ብቻ ወደ 6 ግራም ይጠጋል። ማንኪያ በማንኪያ ከሆነ ማሩ ይብሳል ማለት ነው! የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 በወጣው መመሪያው ማርንና የፍራፍሬ ጭማቂን ከምንቀንሳቸው ስኳሮች ጋር ነው የቆጠራቸው። ደግሞ «የእኔ ማር ንጹህ ነው» እያላችሁ አትከራከሩ፤ ንቧ የሠራችው ንጹሁ ማር ራሱ ነው ስኳር የሞላው።

ቡናማ ስኳርም ያው ስኳር ነው። ጁስ ቤት ገብታችሁ «ያለ ስኳር» ብላችሁ ያዘዛችሁት ማንጎ ራሱ ስኳር አለው። ቴምር አሰር ስላለው ትንሽ ይሻላል፣ ግን አንዱ ትልቅ ፍሬ ብቻ እስከ 16 ግራም ስኳር ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ማፍጠሪያ ላይ አንድ በልቶ «በቃኝ» ያለውን ሰው ሳህኑን እየገፋችሁ አታስጨንቁት።

ስቴቪያ ግን ይለያል። ከፓራጓይ አካባቢ የመጣ ቅጠል ነው፣ ተጣርቶ የሚወጣው ማጣፈጫ ከስኳር ከ200 እጥፍ በላይ ይጣፍጣል፣ የደም ስኳርንም አይጨምርም። ብቻ ስትገዙ የፓኬቱን ጀርባ አንብቡ፤ ዴክስትሮስ ወይም ማልቶዴክስትሪን የሚል ካያችሁ ሌላ ስኳር ከፍ የሚያደርግ ነገር ተቀላቅሎበታል።

በቴሌግራምና በቲክቶክ «ለስኳር ሕመምተኛ የሚሆን ማር» እያላችሁ የምትሸጡ፣ እናንተን በተለይ ነው የምቆጣው። እናንተን አምኖ የስኳር መድኃኒቱን፣ ሜትፎርሚኑን፣ የሚያቆም ሰው አለ፤ ዓይንና ኩላሊት ደግሞ አንዴ ከተጎዳ በገንዘብ አይመለስም። ነውር ነው!

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ድንገት ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ ሲዘባረቅ ካያችሁ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ማሩ ያስፈልጋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ፣ ካልተሻለው ድገሙለት። ስቴቪያ ያለበት ሻይ እንዳትሰጡት፣ ስኳሩን አያነሳለትም። ራሱን ከሳተ ደግሞ አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፤ ትን ብሎት ሊሞት ይችላል። በጎኑ አስተኙትና ቶሎ አምቡላንስ ጥሩ።