የሰመጠችውን መርከብ ወደ ገበታው አትመልሱ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምለው ለአንዳንዶቻችሁ ይከብዳችሁ ይሆናል። ግን ልናገር።

የጦርነት ወሬ ሲነሳ ቡናችንን ይዘን «ይህን ከተማ በሁለት ቀን ይይዙታል» እንላለን። ስለ መንገዱ፣ ስለ ስንቁ፣ ስለ ቁስለኛው አንጠይቅም። አንዱ ደፍሮ «በዚህ ዕቅድ እኮ እንሸነፋለን» ካለ ፈሪ እንለዋለን። ሲብስም ባንዳ። ይህ ነውር ነው። ዕዳውን የሚከፍሉት ደግሞ የሰው ልጆች ናቸው።

መኮንኖች ካርታ ዘርግተው፣ ዳይስ የሚባለውን ባለ ቁጥር ጠጠር እየጣሉ ጦርነትን ይማራሉ ሲባልም «የልጅ ጨዋታ» ብላችሁ ታጣጥላላችሁ። እስቲ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሆነ እዩት። በ1824 ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ (የያኔው የጀርመኖች መንግሥት) መድፈኛ መኮንን ሕጉን ጽፎ አሳተመ። ሁለት ወገን አለ፣ ቀይና ሰማያዊ። መሐላቸው ዳኛ አለ። ተጫዋቹ ትዕዛዙን ጽፎ ለዳኛው ይሰጣል። ከኮረብታው ጀርባ ያለውን ጠላት አያይም፤ የሚያየው ወታደሮቹ ሊያዩ የሚችሉትን ብቻ ነው። መልእክቱም ቦታው እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። የጦሩ ኤታማዦር ሹም ሙፍሊንግ ይህን ካየ በኋላ ለሠራዊቱ በሙሉ እንዲዳረስ አሳሰበ። የእኛም አባቶች ለዚህ እንግዳ አልነበሩም። በድሮው ሰንጠረዥ፣ በእኛው ቼዝ፣ መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ አልነበረም። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሱ ነበር። የዚህ መክፈቻ ስሙም ወረራ ነበር።

ግን ገበታውን ገበታ የሚያደርገው ዳኛው ነው። ዳኛው ከፈራ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው።

ግንቦት 1942 እንደ ፈረንጆቹ። የጃፓን ባሕር ኃይል አዛዦች ያማቶ በተባለችው ግዙፍ የጦር መርከብ ላይ ተሰብስበው በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለችውን ሚድዌይን የመያዝ ዘመቻ በገበታ ሞከሩት። ከጦርነቱ በኋላ እንደተጻፈው፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሲያጠቁ ዳኛው ዳይስ ጣለ። ዘጠኝ ቦምብ አረፈ ተባለ። አካጊና ካጋ የተባሉት የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች በጨዋታው ሰመጡ። ጨዋታውን የሚመራው ሬር አድሚራል ኡጋኪ ግን «ሦስት ብቻ ነው ያረፈው» ብሎ ቆረጠ። አካጊ ተረፈች። ካጋም ብትሰምጥ፣ ለቀጣዩ ዘመቻ ጨዋታ እንደገና ተነስታ ቀረበች።

አዳራሹ ውስጥ ልምድ ያለው መኮንን ሞልቶ ነበር። ዕቅዱ ግን አልተለወጠም።

ከወር በኋላ፣ ሰኔ 4፣ እውነተኛው ውጊያ መጣ። ጥቃቱ ከጨዋታው በሌላ መንገድ ነው የደረሰው። ያም ሆኖ አካጊና ካጋ ተመቱ። ሶርዩና ሂርዩ የተባሉት ሌሎቹ ተሸካሚዎችም ተከተሉ። አራቱም ጠፉ። ከ3,000 በላይ ጃፓናውያን ሞቱ። ባሕሩ ላይ «ሦስት ብቻ ነው» የሚል አለቃ አልነበረም።

በዚያው ዓመት እንግሊዝ፣ ሊቨርፑል ውስጥ ሌላ ነገር ይሠራ ነበር። ጊልበርት ሮበርትስ የተባለ መኮንን ከወጣት ሴቶች ጋር ሆኖ ወለሉ ላይ ባሕር ሣለ። መርከቦቹን የሚያንቀሳቅሱት፣ መስመሩን በጠመኔ የሚያሰምሩት እነዚያ ወጣቶች ናቸው። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ወደ እንግሊዝ የንግድ መርከቦች መሐል እንዴት እንደሚገቡ እዚያ ወለል ላይ ደረሱበት። የእንግሊዙ አድሚራል ማክስ ሆርተን ራሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስመ ጥር የሰርጓጅ አዛዥ ነበር። እዚያ ወለል ላይ ሰርጓጅ ሆኖ ተጫወተና በአንዲት ወጣት፣ በጃኔት ኦኬል፣ ደጋግሞ ተሸነፈ። ለማዕረጉ ተብሎ የተቀነሰለት ነገር የለም።

እኛ ይህን እንችላለን? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባልን ነው ያደግነው። አለቃ ዕቅድ ሲያነብ እናጨበጭባለን። ኮሪደር ላይ ስንወጣ ነው «ይሄ ነገር አያስኬድም» የምንባባለው። ቤት ውስጥም ያው ነን። ልጁ አባቱን በዳማ ሲያሸንፍ ቆርኪውን የሚበትን አባት አይቻለሁ። ልጁ ከዚያ በኋላ እያወቀ መሸነፍ ጀመረ። እንዲህ ያደገ ልጅ ነገ ዳኛ ሆኖ ዳይስ ቢይዝ ለአለቃው እውነቱን የሚናገር ይመስላችኋል?

ስለዚህ እባካችሁ፣ አፋችሁን ሰብስቡ። መኮንን ሆኖ የሚማር ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ ለእረፍት ሲመጣ «አሸነፍክ?» አትበሉት። «የት ላይ ተሸነፍክ?» በሉት። ከዚያ ቡናውን አፍሉና እስኪጨርስ ስሙት።