የተቃወምኩት ሕንፃ አሳንሰር ነበረው

ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጊዜ ተርፎኛል፣ ጉልበቴም አልከዳኝም። የከተማው ምክር ቤት ሰፈራችን ባለው ባዶ ቦታ አጥር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ባለ አራት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ሊሠራ ነው፣ ነዋሪዎች አስተያየት ስጡ ይላል። ስብሰባው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ሸሚዜን ተኩሼ፣ ማስታወሻዬን ይዤ ሄድኩና ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ።

ተናገርኩም። መኪና ማቆሚያ ይጠበናል አልኩ። ፀሐይ ይጋርደናል አልኩ። "የሰፈራችን ጠባይ ይለወጣል" አልኩ፤ ጠባይ ስል ምን ማለቴ እንደነበር ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ተጨበጨበልኝ። 34 ዓመት ሙሉ ሒሳብ ስሠራ አንድም ቀን ያጨበጨበልኝ ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እየተንጎራደድኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ሕንፃውም ቀረ።

አሁን ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሏል። ቤታችን ፎቅ ነው፤ መኝታው ላይ፣ ኩሽናው ታች። ልጆቹ ወጥተዋል። ለእኔና ለባለቤቴ አምስት ክፍል ምን ያደርግልናል? ሁለቱን ክፍሎች ከፍተን ሳናያቸው ወር ያልፋል። እንሽጠውና እዚሁ ሰፈር፣ ከምናውቀው ሰው ሳንርቅ፣ አነስ ያለ አፓርታማ እንግዛ ተባባልን። ደላላ ጠየቅን። "አሳንሰር ያለው ትንሽ ቤት እዚህ ሰፈር የለም" አለን። "አንድ ሊሠራ ነበር፣ ነዋሪው ተቃውሞ አስቀረው።"

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም።

ጉድጓድ ሲምሱ አርቆ አለመማስ ነው ይላሉ፤ የሚገባበት አይታወቅማ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ማክሰኞ ብዙ አስቤያለሁ። ፖለቲካ ሲባል ሁላችንም የሚታየን ፓርላማና የቴሌቪዥን ክርክር ነው። የት ቦታ፣ ስንት ፎቅ፣ ለስንት ቤተሰብ ይሠራ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በአንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ፣ ምናልባት ሠላሳ ሰው ፊት ነው። የሠላሳዎቹ ሰዎች ማንነት ነው ጉዳዩ። ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሠራተኛው ሥራ ላይ ነው። ሕፃን ያላት እናት ልጇን ለማን ትታ ትምጣ? ተከራዩ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ሰፈር ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕንፃው ቢሠራ የሚገቡበት ሰዎች እዚያ የሉም። ሊኖሩም አይችሉም። ገና ነዋሪ አልሆኑማ! ቤቱ የሚያስፈልገው ሰው ድምፅ የለውም፤ ቤት ያለው ሰው ግን ድምፅም፣ ጊዜም፣ የተተኮሰ ሸሚዝም አለው።

ይህን የምለው ከራሴ ተነስቼ ብቻ አይደለም። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማሳቹሴትስ ግዛት ከተሞች የተደረጉ እንዲህ ያሉ ስብሰባዎችን ቃለ ጉባኤ ሰብስበው፣ ተናጋሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ከመራጮች መዝገብ ጋር አመሳክረው ነበር። ተናጋሪዎቹ ከቀረው ነዋሪ ይልቅ በዕድሜ የገፉ፣ ወንዶች፣ ብዙ ዓመት የኖሩና የቤት ባለቤቶች ሆነው ተገኙ። አዲስ ቤት ይሠራ ብለው የተናገሩት ከመቶ 15 ያህሉ ብቻ ናቸው። ሳነበው ፎቶዬን ያየሁ ነው የመሰለኝ።

ዊልያም ፊሼል የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር ደግሞ ለምን እንዲህ እንደምንሆን ነግሮናል። ሰው ሀብቱን በሙሉ አንድ ቤት ላይ ያፈስሳል። ቤቱ ቢቃጠል ኢንሹራንስ አለው። ዋጋው ቢወርድ ግን የሚክሰው የለም። ስለዚህ ዋጋውን በድምፁ ይጠብቃል። ምርጫ ጣቢያም፣ ስብሰባም የሚሄደው ቤቱን ተሸክሞ ነው። አልፈርድበትም። እኔም የሄድኩት ቤቴን ተሸክሜ ነበር።

ግን ቆይ፣ የሒሳብ ሰው ነኝና ልጠይቅ። የቤቴ ዋጋ መጨመሩ ለእኔ ምን ጠቀመኝ? እዚያው ውስጥ ተኝቼበት ስነሳ ዋጋው ቢጨምርም ጣሪያው ያው ነው። ብሸጠው የምገዛውም ጨምሯል። ትርፉ ወረቀት ላይ ነው ያለው። የምነካው ከሞትኩ በኋላ ነው፤ ያኔም የሚነኩት ልጆቼ ናቸው። እነሱ ደግሞ እስከዚያ ድረስ በዚሁ በተወደደው ገበያ ይከራያሉ። በአንድ እጄ እየሰጠኋቸው በሌላው የምቀማቸው ነኝ። ይህን ሒሳብ ሠርቶ የሚያሳይ ሠራተኛ በእኔ ጊዜ ቢኖር ኖሮ መልሰህ ሥራው እለው ነበር።

በእርግጥ የዋጋው መጨመር የሚያስከትለው አንድ እውነተኛ ሕመም አለ። ግብሩ። የንብረት ግብር በቤቱ ዋጋ ልክ በሚሰላበት አገር፣ ዋጋው ሲያድግ ግብሩም ያድጋል። ጡረታው ግን ባለበት ይረግጣል። ዕድሜ ልኩን የከፈለበትን ቤት በግብር ምክንያት እንዳይለቅ የሚፈራ ሽማግሌ ፍርሃቱ ቀልድ አይደለም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህ ፍርሃት ሕግ እስከ መለወጥ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1978 ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ "ፕሮፖዚሽን 13" የሚባለውን ሕግ አጸደቀ። ግብሩ ከቤቱ ግምት 1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም ቤቱ እስካልተሸጠ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተወሰነ። ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ምን ሆነ? አንድ ዓይነት ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ቆመው፣ የድሮው ባለቤት የሚከፍለውን አዲሱ ገዢ ብዙ እጥፍ አድርጎ ይከፍላል። የቆዩት ባለቤቶችም ቤቱ ቢሰፋቸው እንኳ በቀላሉ አይለቁም። ከለቀቁ ግብሩ በአዲስ ዋጋ ይጀምራላ፤ ዕድሜያቸው 55 ለሞላ ባለቤቶች ይህ የላላው በኋላ ነው። ከወጣቱ ኪስ ለሽማግሌው የተከፈለ እፎይታ ነው።

እኔ የምመርጠው የካናዳዋን የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዘዴ ነው። እዚያ ዕድሜው 55 የሞላው የቤት ባለቤት ግብሩን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ይችላል። ዕዳው ከነወለዱ እየተመዘገበ ይቆይና ቤቱ ሲሸጥ ወይም ለወራሽ ሲተላለፍ ይከፈላል። አዛውንቱ አይፈናቀልም፣ የከተማውም ካዝና አይራቆትም። ወራሾቹ ትንሽ ይቀርባቸዋል፤ ይቅርባቸው።

የአካባቢ ፖለቲካ ክፉ ብቻ አይደለም። የኦስትሪያዋን ቪየናን ተመልከቱ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1922 ራሷን የቻለች ክፍለ አገር ሆነች፤ ይህም የራሷን ግብር የመጣል ሥልጣን ሰጣት። በዓመቱ የቤት ግንባታ ግብር ጣለች። ትንሽ ቤት ያለው ትንሽ፣ ቪላ ያለው ብዙ ይከፍላል። በዚያ ገንዘብ በአሥርተ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተሠሩ። ከተሠሩት ሕንፃዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 የተመረቀው ካርል ማርክስ ሆፍ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ዛሬም ከቪየና ነዋሪዎች ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት በከተማው ወይም በድጎማ በተሠሩ ቤቶች ነው። ይህን የሠራው የከተማ ምክር ቤት ነው። እኔን የሰማኝ ዓይነት ምክር ቤት፣ ሌላ ሰው ሰምቶ ሲወስን ማለት ነው።

ስለ አሳንሰር ካነሳሁ አይቀር ሲንጋፖርን ማለፍ አልችልም። እዚያ ከዜጎችና ከቋሚ ነዋሪዎች 80 በመቶ የሚጠጋው መንግሥት በሠራቸው ፎቆች ውስጥ ነው የሚኖረው። ድሮ የተሠሩት ፎቆች አሳንሰራቸው የሚቆመው በተወሰኑ ወለሎች ላይ ብቻ ነበር። የቀረውን በደረጃ። ነዋሪው ሲያረጅ ደረጃው ከበደው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አሳንሰሮቹ እያንዳንዱ ወለል ላይ እንዲቆሙ የማድረግ ፕሮግራም ተጀመረ። ሥራው የሚጀመረው ከሕንፃው የቤት ባለቤቶች 75 በመቶው ሲስማማ ነበር። ከታች ወለል ያለው ሰው ምን አገባኝ እንዳይል የላዩ ጎረቤት ያግባባው ነበር። ታዲያ ይህም ከፖለቲካ አላመለጠም፤ ተቃዋሚ የመረጡ ሰፈሮች ወረፋቸው ወደ ኋላ ይገፋ ነበር። አሳንሰር የምርጫ ካርድ ሆነ! ያም ሆኖ አሳንሰሩ መጣ።

የኒውዚላንዷ ኦክላንድ ያደረገችው ደግሞ ለእኛ ዓይነቱ ሰፈር መድኃኒት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ክርክሩን አንዴ፣ ለመላው ከተማ ጨረሰችው። ከመኖሪያ መሬቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ላይ ከበፊቱ ጠጋ ጠጋ ብሎና ከፍ አድርጎ መሥራት ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ግንባታው በጣም ጨመረ። ለእያንዳንዱ ሕንፃ፣ ለእያንዳንዱ ማክሰኞ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ሸሚዝ እየተኮሰ እንዲመጣ ሲጠበቅ ግን ሁሌም አንድ ምክንያት አይጠፋም።

ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው ይቆጣሉ። አንዱ "አንተ ሰውዬ፣ ለፍተን ያገኘነውን አሁን ደግሞ ወንጀል ልታደርገው ነው?" አለኝ። ወንጀል አላልኩም። ከእኛ ውስጥ ያልለፋ የለም። ግን የቤቱ ዋጋ ከልፋታችን ጋር አብሮ አላደገም። ያደገው ቤት ፈላጊው ሲበዛ ቤቱ ስላልበዛ ነው። እንዳይበዛ ካደረጉት አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ስሜ አለ።

አልሚዎቹም መላእክት አይደሉም። ለሁሉም የሚሆን ቤት ብለው ፈቃድ አውጥተው ለሀብታም ብቻ የሚሸጡ ሞልተዋል። የፍሳሽ መስመሩ አይችልም ብሎ የሚቃወም ሰው ካለ መስማት ተገቢ ነው። እኔ ግን ስለ ፍሳሽ መስመር አልተናገርኩም። ስለ ጠባይ ነው የተናገርኩት።

ባለፈው ዓመት ባለቤቴን ወገቧ ሲያማት በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች የምታግዛት ሴት ነበረች። ሥራዋን ለቀቀች። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ነበር የምትመጣው። "እዚህ አካባቢ ቤት ባገኝ አልተውም ነበር" አለች። የት እንደምትኖር ጠይቄያት እንደማላውቅ ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ስታወራ በመስኮቱ በኩል ባዶው ቦታ ይታያል። ቁመቱ ወገብ የሚደርስ አረም በቅሎበታል። መኪና አይቆምበትም፣ ማንንም ፀሐይ አይጋርድም።

ሰሞኑን አጥሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሌላ አልሚ ነው። ካለፈው ተምሮ፣ ነዋሪው እንዳይቆጣ ሦስት ፎቅ ብቻ አድርጎታል። ዝቅ ስላደረገው ወጪውን ለመቀነስ አሳንሰሩን አውጥቶታል። ስብሰባው እንደተለመደው ማክሰኞ አራት ሰዓት ነው። አራተኛው ፎቅ እንዲመለስ ለመጠየቅ ተመዝግቤያለሁ። ባለቤቴ ሸሚዝህን ራስህ ተኩስ ብላኛለች።