ከሽንፈት ማግስት መግለጫው ከውጤት ቅጹ ሲቀድም

ከተሸነፈ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚወጣው መግለጫ ነው። በየጣቢያው ቆጠራውን የሚከታተሉ የፓርቲ ወኪሎች የፈረሙባቸው የውጤት ቅጾች ገና ከየምርጫ ጣቢያው ሳይሰበሰቡ መሪው ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ወይ «ኮሮጆ ተገልብጧል» ይላል፣ ወይ «ሕዝቡ አልገባውም»። ሁለቱም አነጋገሮች ቁጥር አይጠይቁም፤ የሚወደዱትም ለዚሁ ነው። ማስረጃ መፈለግ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ፣ የተነገረውን ለማጽናት ነው።

ታማኙ ደጋፊ ይህን የሚቀበለው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ወዳጆቹ፣ የሥራ ባልደረቦቹ፣ በስልኩ የሚከታተላቸው ሰዎች ሁሉ የመረጡት ያንኑ ፓርቲ ነው። አደባባዩ ሲጥለቀለቅም በዓይኑ አይቷል። ይሁን እንጂ 10 ሚሊዮን ሰው ድምፅ በሚሰጥበት አገር 200 ሺህ ሕዝብ የወጣበት ሰልፍ 2 በመቶ ብቻ ነው፤ እዚያው ላይ በአውቶቡስ እየመጣ በሦስት ሰልፍ ላይ የታየ ያው አንድ ሰው አለ። ፓርቲው ራሱ ይህን ሒሳብ ከምርጫው በፊት ለደጋፊው ነግሮት ቢሆን ኖሮ ድንጋጤው ይቀንስ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ስርቆቱ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መስከረም 1 ቀን 2017 የፕሬዚዳንታዊውን ምርጫ ውጤት ሰርዟል። በማላዊም የ2019ኙ ምርጫ በየካቲት 2020 ተሰርዞ በድጋሚው ምርጫ ተቃዋሚው ላዛረስ ቻክዌራ አሸንፏል። በኬንያ ዳኞቹን ያሳመነው ውጤቱ የተላለፈበት መንገድ ሕጉን አለመከተሉ ነበር። በማላዊ ደግሞ በማጥፊያ ቀለም የተነካኩ የውጤት ቅጾች ችሎት ፊት ቀርበዋል። ሁለቱም የወረቀት ሥራ ናቸው።

የወረቀቱ ሥራ ደግሞ አሰልቺ ነው። ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ወኪልና አንድ ተጠባባቂ ይመደባል። ወኪሉ ቆጠራው አልቆ ቅጹ እስኪፈረም ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ቅጂውን ይይዛል፣ ፎቶ አንስቶ ይልካል። ማዕከል ላይ ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ያንኑ ቁጥር ይመዘግቡና ይነጻጸራል፤ ያልገጠመው ወደ ቅጹ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው፦ ወኪሉ አበል ስላልደረሰው ወይም ስለራበው ከቆጠራው በፊት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያ ጣቢያ ለፓርቲው ጠፋ ማለት ነው። ጊዜውም አይጠብቅም። በኬንያ አቤቱታ የሚቀርበው ውጤቱ በተገለጸ በ7 ቀን ውስጥ ሲሆን ውሳኔው የሚሰጠው በ14 ቀን ነው። በዛምቢያ በ2016 የተቃዋሚዎቹ አቤቱታ ፍሬ ነገሩ ሳይሰማ የ14 ቀኑ ገደብ አልፎ ውድቅ ተደርጓል።

ጠበቃ ከመቅጠር በፊት አንድ መቀነስ ይሠራ። ልዩነቱ 300 ሺህ ድምፅ ሆኖ በቅጽ ሊረጋገጥ የሚችለው ግድፈት 20 ሺህ ድምፅ ብቻ ከሆነ፣ አቤቱታው ሊቆም የሚችለው ሥርዓቱ በጠቅላላ ፈርሷል ብሎ ማስረዳት ከተቻለ ነው። ካልተቻለ ለደጋፊው ያንኑ ሳምንት መንገር ይሻላል። የጋናው ናና አኩፎ አዶ የ2012ቱን ሽንፈት ፍርድ ቤት ወስደው ስምንት ወር ገደማ ተከራከሩ፤ ነሐሴ 29 ቀን 2013 ሲረቱ በዚያው ዕለት በውሳኔው ባይስማሙም እንደሚቀበሉት ተናገሩ። ደጋፊያቸው ቤቱ አልቀረም፤ በ2016 ከ53 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ።

በተቃራኒው በአሜሪካ ሪፐብሊካኑ ዶናልድ ትራምፕ የተሸነፉበት የ2020ው ምርጫ ተጭበርብሯል የሚለው ክስ ከ60 በላይ ክርክሮች ላይ ሳይሳካ ቀርቶም ቅስቀሳው ቀጠለ። ጥር 5 ቀን 2021 በጆርጂያ ለሁለት የሴኔት መቀመጫዎች የመለያ ምርጫ ሲካሄድ ሪፐብሊካኖች ሁለቱንም አጡ፤ የመራጭ መውጣት ጎልቶ የቀነሰው ትራምፕ በበረቱባቸው አካባቢዎች ነበር። ድምፅህ አይቆጠርም የተባለ ሰው ለምን ይሰለፋል?

«ሕዝቡ አልገባውም» የሚለው ደግሞ ቀስ ብሎ ይገድላል። መድኃኒቱ የየጣቢያውን ያለፈና የአሁን ውጤት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። የራስ ድምፅም የወጣው ሰው ብዛትም አብረው ከወረዱ፣ ደጋፊው ቤቱ ቀርቷል። የወጣው ሰው ሳይለወጥ የራስ ድምፅ ወርዶ የተፎካካሪው በዚያው ልክ ከወጣ፣ ሰው ከድቷል። የራስ ድምፅ ባለበት ቆሞ ተፎካካሪው ከጨመረ፣ እሱ አዲስ መራጭ አስመዝግቦ አምጥቷል። ሦስቱም የተለያየ ሥራ ይፈልጋሉ፤ የመጀመሪያውን በአዲስ መፈክር ማከም አይቻልም። ቁጥሩ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ ስላልሆነ ግን ጎላ ያለ ለውጥ የታየባቸውን ጣቢያዎች መርጦ ቤት ለቤት መጠየቅ ግድ ነው።

እዚህ ላይ ፓርቲዎች የሚስቱት ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ነው። ከሽንፈት በኋላ በተጠራ የአባላት ስብሰባ ላይ የሚገኘው በጣም የጸናው ነው፤ የከዳው አይመጣም። የቀረው የሚመርጠው መሪ ለራሱ የሚጥመውን ነው። የብሪታንያ ኮንሰርቫቲቮች በ1997 ወደ 165 መቀመጫ ወርደው መሪ ቀየሩ፤ በ2001 ያገኙት 166 ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ አንዲት መቀመጫ! ወደ ሥልጣን የተመለሱት በ2010 ነው።

የግምገማ ሰነድ በራሱ ዋስትና አይደለም። ሪፐብሊካኖች ከ2012ቱ ሽንፈት በኋላ በ2013 ባወጡት ሪፖርት የኢሚግሬሽን ሕጉን ማሻሻል እንደሚያስፈልግ መክረው ነበር፤ በ2016 ግን ከምክሩ በተቃራኒ የሄደ እጩ አሸነፈላቸው። ይህ ሪፖርት አያስፈልግም አያሰኝም፤ የመራጩን ቁጥር ከመሪዎች ምኞት ለይቶ መጻፍ ግን ያስፈልጋል። ስለዚህ ዘመቻውን የመራው ሰው ጸሐፊ አይሁን፣ መረጃ ሰጪ ይሁን። የጣቢያው ሰንጠረዥም ከነጉድለቱ ለየቅርንጫፉ ይላክ፤ የአካባቢው ደጋፊ የራሱን ጣቢያ ቁጥር ሲያይ ከማንም ቀድሞ ስሕተቱን ያርማል። ቅጹን ያመጡት ወኪሎች ስምና ስልክ ያኔውኑ ተመዝግቦ ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ምርጫ ዋዜማ የሚፈለጉት እነሱው ናቸው፣ ዝርዝሩ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ የቅርንጫፍ ኃላፊ ስልክ ላይ ቀርቶ አብሮት ይጠፋል።