ቦርጬና ባለድርሻ አካላቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ቦርጭ የግል ንብረት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ስለ ቦርጭ ምንም አይልም፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ባለይዞታው እኔ ነኝ። ተሸክሜው እዞራለሁ፣ አለብሰዋለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ቦታ እፈልግለታለሁ። በጉዳዩ ላይ ሐሳብ የመስጠት ሥልጣን ግን የሌላው ሁሉ ነው።

ማንም ሰው መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ደመወዝህ ስንት ገባ?» አይለኝም። ነውር ነው። ስለ ትዳሬ የሚጠይቀኝም ቢያንስ ቡና ይጋብዘኛል። ስለ ቦርጬ ለመናገር ግን ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ለወራት ያልተያየን ሰው እጁን ይዘረጋል። ለሰላምታ መስሎኝ እጄን ስሰጥ እሱ ሆዴን ቸብ ቸብ ያደርጋል። «ኧረ ሰውዬ! ስንተኛ ወርህ ነው?» ይላል። ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ባልስቅ «ወፍራም ሰው ተጫዋች ነበር፣ ይኼ ምን ሆኖ ነው?» መባሉ አይቀርም። እዚህ አገር ወፍራም ሆኖ ማኩረፍ አይፈቀድም።

እሱንስ ልምድ አድርጌዋለሁ። የሚገርመኝ «ወፈርክ» የሚለኝና «ብላ» የሚለኝ ሰው አንድ መሆኑ ነው። አክስቴን ውሰዱ። አንድ ቅዳሜ ቤቷ ስሄድ በር ላይ አገላብጣ ሳመችኝና ቀና ብላ አየችኝ። «ውይ ልጄ፣ ምነው እንዲህ ወፈርክ? ይኼ እኮ ለልብም ለስኳርም ጥሩ አይደለም» አለች። ከልቧ ነው ያዘነችው። ያዘነችበት ፊቷ ሳይፈታ ማዕድ ቀረበ። ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ጎመን በሥጋ፣ አይብ። በልቼ እጄን ስሰበስብ ደነገጠች።

«ምኑን ነካኸው? ወጡ አልጣመህም?»

«ጠግቤያለሁ እቴቴ፣ እውነቴን ነው።»

«አፈር ስሆን!»

«አሁን እኮ ራስሽ—»

«በሞቴ! ይቺን ብቻ።»

«ይቺን ብቻ» የተባለችው ጉርሻ የሕፃን ልጅ ጡጫ ታክላለች። አፌ ውስጥ ገብታ ገና መንገድ እየፈለገች ሳለ ሁለተኛዋ ተጠቅልላ ትጠብቃለች፤ አንድ ጉርሻ ያጣላላ! ስወጣ ደግሞ በፌስታል ድፎ ዳቦ ቋጠረችልኝ። በሩን ልትዘጋ ስትል «እባክህ ይኼን ውፍረት አንድ በለው» አለችኝ። ወጡን የምታወጣዋ አክስቴና ስለ ጤናዬ የምትጨነቀው አክስቴ እስካሁን አልተገናኙም። ሁለቱን የሚያቀናጅ ኮሚቴ ይቋቋም ቢባል እኔ በጸሐፊነት ለማገልገል ፈቃደኛ ነኝ።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ትክክለኛ ክብደቴን አላውቀውም ነበር። ያወቅኩት ሜክሲኮ፣ ታክሲ ሰልፍ አጠገብ ነው። አንድ ልጅ ካርቶን ዘርግቶ ሚዛኑን አስቀምጧል። «ጋሼ፣ ክብደትዎን ይወቁ!» አለኝ። ወጣሁ። ቦርጬ ቁጥሩን ጋርዶብኝ ማንበብ አልቻልኩም። ልጁ ጎንበስ ብሎ አነበበልኝ። አነበበልኝ ስል ለእኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

«ሰማንያ ስድስት!»

ሰልፉ ዞረ። አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት «ቁመቱ ይችለዋል» ብለው ተከላከሉልኝ። ከኋላቸው ያለው ጎረምሳ «የት አባቱ ይችለዋል!» አለ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ የወንድሙን ክብደት በምሳሌነት አነሣ። ውይይቱ ሞቅ ሲል ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጫማው ነው ጋሼ፤ የእርስዎ ጫማ ከባድ ነው» አለኝ። መልሱን ተወው አልኩት። ስለ ውፍረቴ ከተናገሩ ሁሉ ስሜቴን ያሰበልኝ እሱ ብቻ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ቁጥር ከያዝኩ አልተኛም። ቢሮ ገብቼ ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዘንበትን ቁጥር (ቢኤምአይ የሚሉትን) አሰላሁ። ክብደት በኪሎ፣ ሲካፈል ለቁመት በሜትር፣ ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ። እኔ 1.70 ነኝ። መልሱ 29.8 መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት 25 እና ከዚያ በላይ ያለውን ከመጠን ያለፈ ክብደት ይለዋል፤ 30 ሲደርስ ግን በሽታ ነው። በስሌቱ መሠረት በይፋ በሽተኛ ለመሆን 700 ግራም ይቀረኛል። ግማሽ ኪሎ ቁርጥ ከአንድ ለስላሳ ጋር ባዝዝ ተሻግሬ ነው የምነሣው።

ቀመሩን ያወጣው አዶልፍ ኬትሌ የሚባል ቤልጅጋዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ። ሐኪም አልነበረም። የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሰው ነበር። የፈለገውም የብዙ ሰዎችን አማካይ ማወቅ እንጂ የአንድን ምስኪን ቦርጭ መክሰስ አልነበረም። ይኼን ሳነብ ደስ አለኝ። ኮከብ ሲቆጥር የኖረ ሰውዬ ስለ እኔ ሆድ ምን አገባው? ደስታዬ የቆየው ግን ሐኪሞች የወገብ ዙሪያንም በሜትር እንደሚለኩ እስካነብ ድረስ ነው። ሜትር ጋ ክርክር የለም።

ሰው «ምን በልተህ ነው?» ይለኛል። እኔ የምለው፣ ለምን «የት ትሠራለህ?» አይለኝም?

የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ዓመቱን ሙሉ ሲያንቀላፋ የከረመ ገንዘብ ሰኔ ሲገባ ይነቃል። ወንበር ይገዛል፣ ቶነር ይገዛል፣ አምና የተቀባ ግድግዳ እንደገና ይቀባል። ያ ሁሉ ሰነድ ሆኖ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዳይሬክተራችን በር ከፍተው «ያ ነገር አላለቀም?» ይላሉ። የትኛው ነገር እንደሆነ ሳይናገሩ ይዘጉታል።

ሰውነት ሲጨነቅ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡ ትንንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይለቃሉ። ዓላማው ክፉ አይደለም። አውሬ ቢመጣ ሮጠህ እንድታመልጥ ደምህ ውስጥ ስኳር ያዘጋጅልሃል። ጭንቀቱ ሲከርም ግን ጣፋጭና ቅባት ያምርሃል፤ ስቡም ሆድ አካባቢ መሰብሰብ ይወዳል። የእኔ ዕጢ ደግሞ የዋህ ናት። ዳይሬክተርና አንበሳ አትለይም። በሩ ሲከፈት «ሩጥ!» ትለኛለች። የት ልሩጥ? እግሬ የሚያደርሰኝ ምድር ቤት ካለው ሻይ ቤት ነው። እዚያ ደግሞ ቦምቦሊኖ አለ፤ ገና ከዘይት የወጣ፣ ስኳር የተነሰነሰበት፣ ከላይ ጠንከር ከውስጥ ለስለስ ያለ። አንድ ማኪያቶ ይጨመራል። ለአሥር ደቂቃ ያህል በዚህ ዓለም ላይ ሰነድ የሚባል ነገር የለም።

መሥሪያ ቤቱ ችግራችንን አልረሳውም። ሥልጠና አዘጋጀልን። ርዕሱ «የሥራ ጫናን የመቋቋምና በራስ የመተማመን ክህሎት ማሳደጊያ» ነው። ቦታው አዳማ፣ ጥሩ ሆቴል። ጊዜው? ሰኔ። ለሥልጠና የተያዘው በጀት ተመላሽ እንዳይሆን መፍጠን ነበረበት። ጫናው ከመቼውም በላይ በከፋበት ሳምንት ጫናን መቋቋም ልንማር ሄድን።

አሠልጣኙ ማይክሮፎን ጉንጩ ላይ የለጠፈ፣ መድረክ ላይ የማይቆም፣ አነቃቂ የሚባለው ዓይነት ወጣት ነው። ቀጭን ነው። «በግራ በኩል ወደተቀመጠው ሰው ዙሩና ‹አንተ ልዩ ነህ› በሉት!» አለ። በግራዬ የተቀመጠው የግዢ ክፍል ባልደረባዬ ነው፤ ባላወራረደው ቅድመ ክፍያ የተነሣ ከተኳረፍን ሰንብተናል። ዞርኩ።

«አንተ ልዩ ነህ» አልኩት።

«አንተም ልዩ ነህ» አለኝ። ትንሽ አሰበና «ግን ያቺን ሰነድ ፈርምልኝ» አለ።

ማታ የቤት ሥራ ተሰጠን። መስታወት ፊት ቆመህ «እወድሃለሁ» ትላለህ። ቤቴ ያለው ጢሜን የምላጭበት መስታወት ነው። ከአንገት በታች ስለ እኔ ምንም አያውቅም። የሆቴሉ መስታወት ግን ከራስ እስከ እግር ነው፤ መብራቱም አያዝንም። እወድሃለሁ ከማለቴ በፊት መተዋወቅ ነበረብን። ስተነፍስ የሸሚዜ አራተኛ ቁልፍ ይጨነቃል። ቀበቶዬ ድሮ ከነበረበት ቀዳዳ ተፈናቅሎ የመጨረሻው ላይ ሰፍሯል።

ቀልዱን እዚህ ላይ ትንሽ ልተወው። ሰውን የሚጎዳው ኪሎው ብቻ አይደለም። ቡድን ፎቶ ሲነሣ ሳላስበው ከኋላ ረድፍ፣ ከሰው ትከሻ ጀርባ መሆን ጀምሬያለሁ። ስብሰባ ላይ ሐሳብ እያለኝ አልነሣም፤ ስቆም ሁሉም ሆዴን የሚያይ ይመስለኛል። የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ድምፄ ከጠፋ ቆይቷል። አንዱ ቤት ገዝቷል፣ አንዱ ካናዳ ገብቷል፣ አንዱ በየማለዳው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠ ይለጥፋል። (እሱን ሚውት አድርጌዋለሁ፤ ግን እየገባሁ አየዋለሁ።) ይኼ ሁሉ «አንተ ልዩ ነህ» ተብሎ አይነቀልም። ልዩ መሆኔንማ ሰልፉ ሁሉ ነግሮኛል።

ጠዋት ቡፌ አለ። ጨጨብሳ፣ እንቁላል፣ ፉል። በሻይ እረፍት ኩኪስ። ምሳ ደግሞ የሐዋርያት ጾም ስለነበር የጾምና የፍስክ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። እኔ ሁለቱንም ተቋማት ጎበኘሁ። በመንግሥት ገንዘብ የቀረበን ቡፌ ጥሎ መሄድ ሀብት ማባከን ነው።

ተመልሰን ቢሮ ስንገባ ጠረጴዛዬ አይታይም። ጫናን ስንቋቋም የተጠራቀመ ጫና ነው። ከክምሩ አናት ላይ ያለውን አነሣሁ። የሥልጠናው የሆቴል ክፍያ ሰነድ ነው። እስከ ሰኔ 30 መወራረድ አለበት። ወደ ሻይ ቤት ወረድኩ።

በጾም ልክሳ ያልኩበትም ጊዜ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። ግን ማንም ያልነገረኝ ነገር፣ ፓስቲ የጾም ነው። ሳምቡሳ የጾም ነው። ድንች ጥብስ፣ ፓስታ፣ ለስላሳ፣ ዘይት የሚዋኝበት ሽሮ፣ ሁሉም ንጹሕ ጾመኛ ናቸው። እስከ 9 ሰዓት ታግሶ የቆየ ሆድ ደግሞ ዋጋውን ያውቃል። ፋሲካ ሲደርስ እኔ ሱሪ ለመቀየር ልብስ ሰፊ ጋ ነበርኩ። ሰፊው ወገቡን ገልብጦ አየና «ከዚህ በኋላ የሚለቀቅ ጨርቅ የለውም» አለ።

በሩጫ አገር መወፈር ደግሞ የተለየ ዕዳ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ጨረሰ። እኔ በጫማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እረፍት እወስዳለሁ። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ሲመጣ ካናቴራውን እገዛለሁ። 10 ኪሎ ሜትር ነው። ደግነቱ ብዙው ሰው እየጨፈረ ስለሚሄድ እኔም በባህላዊ ጭፈራ ምክንያት የዘገየሁ እመስላለሁ።

እውነቱን ለመናገር መክሳትንም ፈርቻለሁ። ከእኛ ክፍል አንዲት ልጅ ከሳች። እንደ ሰው አሰበችበት፤ ስኳር ተወች፣ ማታ ማታ ጂም ገባች፣ ከሥራ ስትወጣ በእግሯ ሄደች። ቆንጆ ሆነች። ማንም ግን «ጎበዝ» አላላትም። «ምነው? አመመሽ እንዴ?» አሏት። በሁለተኛው ሳምንት ከባሏ ጋር ተጣልታለች ተባለ። በሦስተኛው አራጣ ተበድራለች ተባለ። ጸበል የጠቆሟት አሉ። ስለ ወፍራምነቷ ሲቀልዱ የነበሩ ሁሉ አሁን ምሳ ላይ ሳህኗን እየሞሉ «ብዪ እንጂ፣ ሰው ለራሱ እንዲህ ይጨክናል?» ይሏታል። ገንዘብ ያዧ ጓዳ ጠርታ አለቀሰችላት።

አንድ ቀን የመሥሪያ ቤታችን ዕድር ጸሐፊ ጋሼ መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አባሉ ተጨንቋል። አትደብቂን። መዋጮ እንጀምር?»

«ኧረ ጋሼ፣ ደህና ነኝ! ጂም ገብቼ እኮ ነው።»

«ጂም?»

«አዎ፣ ስፖርት። ፈልጌ ነው የከሳሁት።»

ጋሼ ለረዥም ጊዜ ፊቷን አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ገለጡና በጣታቸው ወደ ታች ወረዱ።

«እግዚአብሔር ይጠብቅሽ» አሉ። «ለማንኛውም ግን የሦስት ወር ውዝፍ አለብሽ። ብትዘጊው ጥሩ ነው።»