ቅኝቶቻችንን በክብ ስለን እናስተምር

ደሴ ውስጥ ሙዚቃ የሚጀምር ልጅ የዜማ ድምፆች የሚደራጁባቸውን አራት ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቃቸው ለየብቻ በተሸመደደ የድምፅ ዝርዝር ነው። ይህ አካሄድ የቅኝቶቹን ዝምድና ይሰውራል የሚል እምነት አለኝ። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ ስም የያዙ ናቸው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ይገኛሉ። በዚህ አገር ያደገ ልጅ ዝምድናቸውን ሳያይ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ሰሌዳ ላይ እንደ ሰዓት ገበታ 12 ነጥብ ያለው ክብ ይሳል። ከአንዱ ነጥብ እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ነው፤ 12 ጊዜ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ድምፅ ኦክታቩን (ያው ድምፅ ከፍ ብሎ የሚደገምበትን ርቀት) ሞልቶ ወደ መነሻው ስለሚመለስ፣ ክብነቱ ለውበት የተመረጠ ሳይሆን ከድምፁ ተፈጥሮ የመጣ ነው።

ትዝታና ባቲ እያንዳንዳቸው ሜጀርና ማይነር የሚባሉ ሁለት ዓይነት አሏቸው፤ የሁሉም ቅኝት መነሻ ድምፅ 12 ላይ ይቀመጥ። አሁን የትዝታ ማይነርን ድምፆች 12፣ 2፣ 3፣ 7 እና 8 ላይ ምልክት አድርገን በመስመር እናገናኛቸው። አምባሰል የሚያርፈው 12፣ 1፣ 5፣ 7 እና 8 ላይ ነው። ቁጥሮቹ ሲነበቡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስላሉ፤ ሆኖም የመጀመሪያው ባለአምስት ጎን ቅርጽ አምስት ነጥብ ወደ ቀኝ ሲዞር አንድም ሳይዛነፍ ሁለተኛው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ክራሩን በትዝታ ማይነር የቃኘ ተጫዋች አንድም አውታር ሳይነካ፣ ዜማውን 7 ላይ በነበረው ድምፅ ላይ ቢያሳርፍ አምባሰልን ያገኛል። ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነርም እንዲሁ በመዞር ይገጥማሉ። ባቲ ሜጀር ግን፣ 12፣ 4፣ 5፣ 7 እና 11 ላይ የሚቀመጠው፣ የትዝታ ማይነርን ቅርጽ የቱንም ያህል ብናዞረው አይገኝም፤ ቅርጹ በመስታወት እንደሚታይ ምስል መገልበጥ አለበት። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ማሲንቆ የሚመቱ ሰዎች ጣታቸው በእነዚህ 12 ነጥቦች እንደማይታሰር በመግለጽ ሊቃወሙ ይችላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ማሲንቆ በአንድ አውታር የሚነገር በመሆኑ ድምፁን በጥቂቱ ማጥበቅና ማላላት የተጫዋቹ ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ የክብ ዙሪያ ያልተቆራረጠ መስመር ስለሆነ፣ ጠበቅ ያለውን ድምፅ በሁለት ነጥቦች መካከል በትክክለኛ ቦታው ማስቀመጥ ይቻላል፤ በአምስቱ የኖታ መስመሮች ላይ ይህን ለማሳየት ተጨማሪ ምልክት መፍጠር ያስፈልጋል።

የደሴና የኮምቦልቻ መምህራንን የምጠይቀው ተማሪዎቹ መጀመሪያ ቅኝቱን በጆሯቸው እንዲይዙትና እንዲያዜሙት፣ ከዚያም የሰሙትን በክቡ ላይ እንዲያስቀምጡ ነው። ትዝታ ማይነርና አምባሰል ጎን ለጎን ይቅደሙ፣ ባቲ ይከተል፤ 12፣ 1፣ 5፣ 6 እና 9 ላይ የሚያርፈው አንቺሆዬ ደግሞ ቢዞርም ቢገለበጥም ከሌሎቹ ከአንዱም ጋር ስለማይገጥም፣ ሌሎቹ ከተለመዱ በኋላ ራሱን የቻለ ሰፊ ጊዜ ይሰጠው።